ቁልፍ የምታህለው ካክተስና የአጥራችን ቁልቋል

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከጸሐፊው የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዳንድ አባሎች «በጣሳ የምንተክለው ካክተስና የአጥራችን ቁልቋል አንድ ዘር አይደለም ወይ? ታዲያ አንዱን ቤት እያስገባን ሌላውን ለምን እንፈራለን?» ብለውን ነበር። ቅዳሜ አጥሩ ስለሚከረከም መልሱን ዛሬ ማቅረብ ይገባናል።

ከትንሿ እንጀምር። ብሎስፌልዲያ ሊሊፑታና የምትባል ካክተስ አለች። አገሯ ደቡብ አሜሪካ፣ በአርጀንቲናና በቦሊቪያ በኩል ያለው የአንዲስ ተራራ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ቬርደርማን የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ይህን ስም አወጣላት። ከካክተስ ሁሉ ትንሿ እሷ ናት፤ ወርዷ 1 ሳንቲሜትር ያህል ነው፣ የሸሚዝ ቁልፍ በሉት። የምትኖረው በገደል ላይ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጣ ነው። ድርቅ ሲጠና አብዛኛውን ውሃዋን አጥታ ጭምድድ ትላለች፤ ያየ ሰው ሞታለች ይላል። ዝናብ ሲመጣ መልሳ ታብጣለች። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ ጉንዳን እየተሸከመ ያደርስላታል። እድገቷ አዝጋሚ ስለሆነ አትክልተኞች በሌላ ጠንካራ ካክተስ ጉቶ ላይ ለጥፈው ያሳድጓታል።

የሚገርመው ግን እሾህ የላትም! ታዲያ በምን ካክተስ ተባለች? ካክተስ ሁሉ በገላው ላይ ጥጥ የመሰለ ጸጉር ያለባቸው ትናንሽ ነጥቦች አሉት። እሾህም አበባም የሚወጣው ከዚያ ነው። እሷም ነጥቦቹ አሏት፣ ነጭ አበባዋም ከዚያው ይፈነዳል።

የእኛ ቁልቋል እሾህ እያለው እነዚህ ነጥቦች የሉትም። ስለዚህ ካክተስ አይደለም፤ ዘመዶቹ ቅንጭብና ጉሎ ናቸው። መምሰሉ ሁለቱም በደረቅ አገር ውሃ ማጠራቀም ስላለባቸው ነው። (በትግራይ ፍሬው የሚበላው በለስ ግን ከአሜሪካ የመጣ እውነተኛ ካክተስ ነው።)

ልዩነቱ ለእኛ የሚጠቅመን በወተቱ ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ ብርሃን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ቆራጮች እጅጌ ያለው ልብስና መነጽር ያድርጉ። ልጆች ከአጥሩ አይጠጉ፣ ቅርንጫፉንም ለጨዋታ አይውሰዱ። የገባበት ሰው ቢኖር ዓይኑን አይሸው፤ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠብና ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሃ በባልዲ ከበሩ አጠገብ እናስቀምጣለን።