ስለ አንዲት ቀጭን ሽቦ



ሰው በገዛ እጁ ከሚሠራት ትንሽ አይሮፕላን ዛሬ አንዲት ሽቦ ብቻ መርጫለሁ።

ላይኮሚንግ ኦ-320 የተባለው ሞተር የሲሊንደሩ ራስ ሙቀት ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ የለበትም። ሙቀቱን ለነጂው የሚነግሩት ጫፋቸው የተጋጠመ፣ ዓይነታቸው የተለያየ ሁለት የብረት ሽቦዎች ናቸው፤ ጫፉ ሲግል ያለ ባትሪ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ይህ እኔን እጅግ ያስደንቀኛል።

ታዲያ ሽቦው ያጠረበት ሠሪ ተራ መዳብ የቀጠለበት እንደ ሆነ፣ መሣሪያው መዋሸት ይጀምራል። የመቀጠያው ቦታ 60 ዲግሪ፣ መሣሪያው ያለበት ክፍል 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ንባቡ በ40 ያህል ይጎድላል። ሞተሩ 270 ደርሶ ሳለ ነጂው 230 አይቶ ያለ ስጋት ሽቅብ ይወጣል። ለመብራት ቢሆን መዳቡ በበቃ ነበር፤ እዚህ ግን የሚቀጠለው ከዚያው ከራሱ ብረት መሆን አለበት።

ሲገጠምም ቀለሙን አስተውሉ፤ በአሜሪካኖች ደንብ ከሁለቱ ቀዩ ፖዘቲቭ ሳይሆን ኔጋቲቭ ነው።