የመጀመሪያው ቀጠሮ

እሷ፦ ከግል የሥነ ልቦና አማካሪ ጋር ቀጠሮ ለመያዝ ስልክ አንስተው መልሰው የሚያስቀምጡ ብዙዎች ናቸው። «ገብቼ ምን እላለሁ?» የሚለው ያስጨንቃቸዋል።

እሱ፦ የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው የጥያቄ ቀን ነው። ምን አመጣዎት? ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፍ፣ ቤተሰብ፣ የሚወስዱት መድኃኒት... ራስን ስለማጥፋት አስባችሁ እንደሆነም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። አትደንግጡ፤ የተለመደ ጥያቄ ነው፣ እውነቱን መልሱ። ጸበል የምትሄዱም ከሆነ ለአማካሪው ንገሩት።

እሷ፦ ሰው ግን «ገበናዬ ይወጣል» ብሎ ይሰጋል እኮ። አዲስ አበባ ሰፊ ብትመስልም ዘመድ ከዘመድ ይተዋወቃል።

እሱ፦ ልክ ነሽ፣ ስጋቱ ተገቢ ነው። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፤ ወሰን ግን አለው። የእናንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ አማካሪው ዝም ላይል ይችላል። ይህን ከመነሻው ሊነግራችሁ ይገባል፤ ካልነገራችሁ ጠይቁት።

እሷ፦ ክፍያውንም! አንዱ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አንዴ ሲሆን ወጪው ይጠራቀማል። ቀጠሮ ሲሰረዝ ይከፈል እንደሆነም ቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

እሱ፦ የሙያ ፈቃዱንም ጭምር። ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ መድኃኒት አያዝም፤ ካስፈለገ ወደ አእምሮ ሐኪም ይልካል።

እሷ፦ በአንድ ቀን እፎይታ አትጠብቁ። እንዲያውም የቆየ ቁስል ሲነካ ጥቂት ቀን ሊከብዳችሁ ይችላል። ከባለሙያው ጋር ካልተግባባችሁ ሌላ ፈልጉ፤ አቅም ካጠረም አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታልን ጨምሮ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ። ብቻ ሕክምናውን አትተዉ።