ወረቀቷ ወፍ እስክትሆን

(ድምፅ፦ ወረቀት ሲታጠፍ)

አቅራቢ፦ አሁን የሰማችሁት ተራ ወረቀት ሲታጠፍ ነው። በሰፈር ማኅበራችሁ ፊት የወረቀት ወፍ አሠራር እንድታሳዩ ብትጠየቁ ከምን ትጀምራላችሁ?

ከወረቀቱ። ጃፓኖች ኦሪጋሚ የሚሉት ጥበብ አብዛኛውን ጊዜ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ወረቀት ይፈልጋል። በየሱቁ የምናገኘው ኤ4 ግን 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። መላ አለው፦ አጭሩን ጎን በረጅሙ ጎን ላይ አስተኙት፤ የሚተርፈውን 87 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ቆርጣችሁ አውጡት።

ለማሳያ የምትይዙት ግን ትልቅ ይሁን፤ ከኋላ የተቀመጡት እማማም ማየት አለባቸው። ፊትና ጀርባው ቀለሙ ከተለያየ፣ “ቀዩ ወደ ላይ” ማለት ብቻ ይበቃል።

(ድምፅ፦ ጥፍር ወረቀት ላይ ሲሄድ)

እያንዳንዱን እጥፋት እንዲህ በጥፍር ጫን ብላችሁ አስምሩት። ሁሉም ሳይደርስ አትለፉ፤ የቀደመው ጎረቤቱን ያግዝ። የሰው ወረቀት ግን አትቀሙ፤ እናንተ የሠራችሁለት ወፍ የእሱ አይሆንም።

እጅ ሲሠራ ጆሮ ሥራ ፈት ነውና ታሪክ ንገሩ። ሂሮሺማ በአቶሚክ ቦምብ ስትመታ ሳዳኮ ሳሳኪ የተባለች የከተማዋ ልጅ 2 ዓመቷ ነበር። በኋላ በደም ካንሰር ታማ ሆስፒታል ሳለች ወፎች ታጥፍ ነበር፤ ሺህ ያጠፈ ምኞቱ ይሰምራል ይባላልና። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ12 ዓመቷ አረፈች።

በመጨረሻም፣ ነጠላ ሲያጣጥፉ የኖሩ እናቶች ከልጆቹ ቀድመው ቢጨርሱ እንዳይገርማችሁ። ሰላም ሁኑ!