ስለ «ሂስ» ታንክ እንደ ገና መነደፍ

(በኅብረታችን የማታ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የንግግራችንን ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ አንብባችሁ የሳቃችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል፤ አንቀየማችሁም። በእኛ በተማሪዎች ዘንድ «ሂስ» ማለት አንዱ የሌላውን ጉድለት ፊት ለፊት የሚነግርበት ነገር ነው። ዛሬ የምንናገርለት ሂስ ግን ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ኩባንያ በ1983 ያወጣው የፕላስቲክ ታንክ ነው። ስሙ «እጅግ ፈጣን ዘብ» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ የተቆራረጠ ሲሆን፤ ባለቤቱ ኮብራ የተባለ ልብ ወለድ የጠላት ጦር ስለ ሆነ የእባብንም ድምፅ ያስመስላል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።)

ነገሩ ስለ መጫወቻ ይሁን እንጂ ጥያቄው የልጅ ጥያቄ አይደለም፤ ሰው የወደደውን አሮጌ ነገር ሳያበላሽ እንዴት አድርጎ ያድሰዋል? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ልኩን እንመልከት። ጂ አይ ጆ የተባለው የወታደር አሻንጉሊት በ1964 ሲወጣ ቁመቱ 12 ኢንች፤ ማለት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበረ። ለዚህ ቁመት የሚመጥን ታንክ ይሠራ ቢባል ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ነው። በ1982 ኩባንያው ወታደሩን ወደ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ተኩል ግድም አሳጥሮ እንደ ገና ባወጣው ጊዜ ግን ጂፑም፤ ታንኩም፤ አውሮፕላኑም ልጅ በክንዱ የሚያቅፋቸው ሆኑ። ወታደሩ ስላነሰ ተሽከርካሪው በዛ ማለት ነው። ሂስም የተወለደው በዚህ ልክ ነው።

ከ2020 ወዲህ ደግሞ ያ የቀድሞው ልጅ አድጎ ሰብሳቢ ሆኗልና፤ ኩባንያው 6 ኢንች የሆኑ፤ ፊታቸውና ልብሳቸው በጥንቃቄ የተሠራ ወታደሮች ያወጣለት ጀመር። እንግዲህ ታንኩም ከእነርሱ ጋር ማደግ አለበት። ቁመት ከ3¾ ወደ 6 ኢንች ሲያድግ 1.6 ጊዜ ማደጉ ነው። የላዩ ስፋት ግን 2.56 ጊዜ፤ ይዘቱም ከ4 ጊዜ በላይ ያድጋል። የፕላስቲኩ ውፍረት እንደ ድሮው ቢተው ሰፊው ጎን ይላላል፤ ውፍረቱም አብሮ ይደግ ቢባል ክብደቱና ወጪው አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን በወሬ ብቻ እንዳናልፈው የታንኩን ጎን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ 1.6 ጊዜ አሳድገን ሣልነው። የሣልነው ነገር ባዶ ሜዳ መሰለ። ለካ በትንሹ መጫወቻ ላይ አንዲት መስመር በር ትሆናለች፤ የቀረውን ዐይን ራሱ ይሞላዋል። በትልቁ ላይ ግን ዐይን ማጠፊያውን፤ እጀታውን፤ ብሎኑን ይጠይቃል። ስለዚህ የእውነተኛ ታንኮችን ፎቶግራፍ አምጥተን ከዚያም ከዚህም እየቀዳን ጨመርን፤ በመስተዋቱም ፈንታ ብረት አለበስነው። መልካም የጦር ታንክ ወጣ። ሂስ ግን አልነበረም። ያን ማታ እርስ በርሳችን ብዙ ሂስ ተሰጣጣን።

የጠፋው ምን ነበር? በእውነተኛው ታንክ ነጂው በወፍራም ብረት ውስጥ ተሸሽጎ በጠባብ መመልከቻ ነው የሚያየው። ሂስ ግን ነጂውን ከፊት፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ክዳን ሥር አስቀምጦታል። ለወታደር ይህ ሞኝነት ነው፤ ለልጅ ግን የነገሩ ሁሉ ልብ ነው፤ ያስቀመጠውን ሰው ሊያየው ይፈልጋልና። እንዲሁም ወደ ፊት የተሾለው ቁመና፤ ጥቁሩ አካል፤ ቀዩ የእባብ ምልክት፤ በላዩ የሚዞሩት መንታ መድፎች፤ እነዚህ ጥላቸው በግድግዳ ላይ ቢወድቅ እንኳ የሚታወቁ ናቸው።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው፤ የውጩን ቅርጽ አትንካ፤ ውስጡን ክፈት። በትንሹ ላይ መስመር ብቻ የነበረው በር በትልቁ ላይ ይከፈት፤ ያልነበረው የነጂው መሣሪያ ሁሉ ይሠራ። ደግሞም የሚያረጀው ክፍል የሚጠገን ይሁን። የ1982ቱ ወታደሮች ወገባቸው የተያያዘው በላስቲክ ቀለበት ነበረ፤ ላስቲኩም ደርቆ ይበጠሳል። ነገር ግን ጀርባቸው በብሎን ስለሚከፈት ባለቤቱ ዛሬም አዲስ ቀለበት ያገባላቸዋል። በሙጫ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ተጥለው ነበር።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት እንበል። ፕላስቲክ የሚፈስበት የብረት ፎርማ ለሺህም ለመቶ ሺህም ቁራጭ ዋጋው ያው ነው፤ ስለዚህ ገዢ ከሌለ ፋብሪካው አይደፍርም። ሀስብሮ ከ2018 ጀምሮ ገዢዎች አስቀድመው የሚመዘገቡበትን ሀስላብ የተባለ ዘዴ አበጀ። በ2022 ለትልቁ ሂስ በ300 ዶላር 8,000 ገዢ ጠየቀ፤ ከዚያም በላይ ተመዘገበ። ከዚያ በፊት በ2021 ራንኮር ለተባለው የስታር ዋርስ አውሬ 9,000 ጠይቆ ስላልሞላ አውሬው ሳይሠራ ቀረ።

ከመካከላችን አንዱ «የጦር መሣሪያን ለማሳመር ይህን ያህል ማሰብ ነውር አይደለምን?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄውን አልናቅነውም። የቬትናም ጦርነት ሕዝቡን ባስመረረው ጊዜ ሀስብሮ ራሱ ጂ አይ ጆን በ1970 ከወታደርነት አውጥቶ የጀብዱ ተጓዥ አድርጎት ነበረ። የ1980ዎቹም ጠላት የማንም አገር ሕዝብ ሳይሆን የተፈጠረ ስም ነው፤ ይህ ቢያንስ ልጅ ጎረቤቱን እንዲጠላ አያስተምርም። እኛን ይልቁን ያሳዘነን ሌላ ነው፤ ለልጅ እጅ የተሠራው መጫወቻ በ300 ዶላር ከመደርደሪያ ላይ ወጥቶ ልጅ እንዳይነካው መከልከሉ።

ስለዚህ ንድፉን የሚሠራ ሰው ሰብሳቢውን ብቻ ሳይሆን ያንን የቀድሞ ልጅም ይጠይቀው እንላለን። ክዳኑ መቶ ጊዜ ቢከፈት አይሰበር፤ ነጂው ይታይ፤ ታንኩም ወለል ላይ ሲገፉት ይሂድ። ይህ ከጎደለ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ውድ ፕላስቲክ ነው።

አሁን ሂሱ የእናንተ ነው።