የምታልፈውን ቅጽበት ስለ ማስቀረት
(ከፎቶግራፍ ክበባችን ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር)



ፎቶግራፍ የመኪና ሥራ ነው እንጂ ኪነ ጥበብ አይደለም የሚሉ አሉ። እኛ ግን የምታልፈውን ቅጽበት ለይቶ ማስቀረት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው እንላለን። ምክንያታችንንም ከታሪክ እናስረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ1838 ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በፓሪስ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና ከፍ ካለ መስኮት ሆኖ አነሣ። ብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበረ፣ ሥራው በርካታ ደቂቃ ፈጀ። ስለዚህ በጎዳናው ይተላለፍ የነበረው እግረኛና ሠረገላ ሁሉ ምልክት ሳይተው ጠፋ። የቀረው በጥግ ቆሞ ጫማውን የሚያስጠርግ አንድ ሰው ነው፤ ከእግሩም ሥር ጠራጊው በደብዛዛው ይታያል። በፎቶግራፍ ከተነሡት ሰዎች እስካሁን ከሚታወቁት ቀዳሚዎቹ እነዚህ እንደ ሆኑ ይነገራል። ልብ እንበል፤ በሠረገላ ያለፈው ጠፍቶ ሊስትሮው ለታሪክ ቀረ።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ የሚጋልብ ፈረስ በተደረደሩ ካሜራዎች አንሥቶ፣ አራቱም ኮቴዎች ባንድ ጊዜ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩን አሳየ። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ይህን ያለ ድካም ይሠራዋል። ማንሣት በቀለለ መጠን ግን መምረጥ ከበደ፤ ሺሕ ሥዕል አንሥተን አንዱንም ዳግመኛ የማናይ ሆነናል።

ሌላም ነገር አለ። በወረቀት ወይም በሰሌዳ የወጣ ምስል በመድኃኒት ካልጸና፣ የወለደው ብርሃን ራሱ ያጠፋዋል። ይህንንም ችግር ጆን ሄርሸል በ1839 ሃይፖ በተባለው መድኃኒት አቃለለው። ስምና ዘመን ያልተጻፈበት ፎቶግራፍም እንዲሁ ያልጸና ነው። የፓሪሱ ሊስትሮና ደንበኛው መልካቸው ቀረ፤ ስማቸው ግን ከጎዳናው ሕዝብ ጋር አብሮ አለፈ።

በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች እናስብ። «ይህ ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ የሚመልሱልን አያቶቻችን ናቸው፤ እነርሱም ሁልጊዜ አይኖሩም። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሣጥኑን እናስከፍት፤ አጠገባቸው ተቀምጠን የሰውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ እንጻፍ። በስልካችን ካለውም ጥቂቱን መርጠን እናሳትም። ጥበቡ የሚፈጸመው ያን ጊዜ ነው።