የክሎክ ንዝረትና የሐኪም ዓይን

በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



የንግግሬን ርዕስ አይታችሁ «ሐኪሟ ምን ነካት? ይሄ የመሐንዲሶች ጉዳይ አይደለም ወይ?» ያላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እውነት ነው፤ የእነሱ ነው። ግን ዛሬ ሐኪም በሽተኛውን የሚያየው በስክሪንም ጭምር ነው። ስክሪኑ ከተንቀጠቀጠ የእኛም ዓይን አብሮ ይንቀጠቀጣል።

በለመድኩት ቋንቋ ልጀምር። የሁለት ሰዎች ልብ በደቂቃ 80 ጊዜ ሊመታ ይችላል። የአንደኛው በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ እኩል ነው። ሌላኛው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አለበት እንበል፤ አንዱ ምት ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። አማካዩ ያው 80 ነው፤ ልቡ ግን ደህና አይደለም። መሐንዲሶች ጂተር የሚሉት የክሎክ ንዝረት እንደዚሁ ነው። ክሎኩ በጠቅላላው አልፈጠነም፣ አልዘገየም፤ እያንዳንዱ ምት ግን ከተራው ጥቂት ወዲህ ወዲያ ይላል።

ጥቂት ስል ምን ያህል? 1920 በ1080 ነጥብ ያለውና በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ የተለመደ ስክሪን፣ የፒክስል ክሎኩ በሰከንድ 148.5 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ለአንዲት ነጥብ የሚደርሳት 6.7 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በቪጂኤ ኬብል ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኬብሉ ቀለሙንና የመስመር መነሻ ምልክቱን እንጂ የፒክስል ክሎኩን አያመጣም። ስለዚህ ስክሪኑ በሰከንድ 67,500 ጊዜ ከሚደርሰው የመስመር ምልክት ተነስቶ፣ ፌዝ ሎክድ ሉፕ በሚባል ሰርኪዩት በ2,200 አባዝቶ ክሎኩን ራሱ ይሠራዋል። ያ ክሎክ ከተወላገደ ነጥቧ ከመሃሏ መነበቧ ይቀርና ወደ ጠርዟ ትጠጋለች፤ ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበት መስመር ይርገበገባል።

በማስተምርበት ሆስፒታል ከአልትራሳውንዱ ጋር የተያያዘ፣ ተማሪዎች የሚከታተሉበት ሁለተኛ ስክሪን ነበረን፤ እሱ እንዲህ ሆነ። የፅንስን የአንገት ጀርባ ፈሳሽ ስንለካ የምንከራከረው በሚሊሜትር አሥረኛ ነው። ቁጥሩን የሚያሰላው ማሽኑ ነውና ስክሪኑ አያዛባውም። የመለኪያውን ጫፍ የት እንደምናሳርፍ የሚወስነው ግን ዓይናችን ነው። በሚርገበገብ ጠርዝ ላይ የሠለጠነ ዓይን ነገ እናትን «ልጅሽ ደህና ነው» ወይም «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልግሻል» ሊል ነው እኮ!

«ይጣልና አዲስ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። የባዮሜዲካል ባለሙያችን ግን እንደ ጥሩ ሐኪም ታሪክ ጠየቁ፦ መቼ ጀመረው? ሲሞቅ ይብሳል ወይስ ሲቀዘቅዝ? ቀጥለው ስክሪኑን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኙት፤ መርገብገቡ ተከተለው። እንግዲያው ማሽኑ ነጻ ነው። ኦሲሎስኮፕ ሲያስገቡ፣ ለክሎኩ ሰርኪዩት የሚሄደው የኃይል መስመር ራሱ ይዋዥቃል። ለካ በሙቀት ብዛት የደረቁ ካፓሲተሮች ናቸው! በተመሳሳይ ልክ ተተኩ፤ ረጅሙ ኬብል በአጭርና በደንብ በተሸፈነ ተለወጠ። ምስሉ ቆመ። ወደ ምርመራ ክፍሉ የተመለሰውም የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ፍተሻውን ካለፈ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ ይኼ ብቻ አይደለም። ዲዛይን የሚያደርግ ሰው ከመጀመሪያው ለክሎኩ ከጩኸት የጸዳ የራሱን ሬጉሌተር ይሰጠዋል፤ ካፓሲተሩን ከቺፑ እግር ሥር ያስቀምጣል፤ የክሎኩን መስመር አሳጥሮ ከሥሩ ያልተቆራረጠ ግራውንድ ያነጥፍለታል። የሉፑ ስፋትም እንደ መድኃኒት መጠን ነው። ሲጠብ ከውጭ የሚመጣውን ንዝረት ያጣራል፣ የራሱን ኦሲሌተር ንዝረት ግን ማረም ያቅተዋል፤ ሲሰፋ ተቃራኒው ይሆናል። ምስሉን በሶፍትዌር ማለስለስም ይቻላል። እሱ ግን የትኩሳቱን መንስኤ ሳይፈልጉ ማብረጃ እንደመስጠት ነው፤ መርገብገቡን ሲሸፍን እውነተኛውንም ጠርዝ አብሮ ያደበዝዘዋል።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው። መምህሮቻችን፣ የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎች ቢያንስ አንድ የተግባር ልምምድ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማሽን ላይ ይሥሩ። የእኛ ልጆች «ምስሉ አስቀያሚ ነው» ከማለት ይልቅ መቼና የት እንደሚርገበገብ መናገር ይልመዱ፤ የእነሱ ልጆች ደግሞ ከዚያ ጠርዝ ጀርባ ማን እንደተኛ ይዩ። በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ማሽን ለመለገስ ስታስቡ የጥገና መጽሐፉን፣ መለዋወጫውንና አንድ ኦሲሎስኮፕ አብራችሁ አስቡ። ማሽን ብቻውን ከመጣ ቀኑ ሲደርስ ከመጋዘን ጥግ ይቆማል፤ የሚመረምረው ሰውና መሣሪያው ካለ ግን ዕድሜው ይረዝማል።

እኛ ሐኪሞች የበሽተኛውን ምት እንቆጥራለን። የማሽኑን ምት የሚቆጥሩልንን ባለሙያዎች ደግሞ እናክብር፣ እናስተምር፣ መሣሪያ እንስጣቸው።