የዮቶር ምክር፤ ስለ ሥራ ብዛትና ስለ ቤተ ሰብ

(በደብሩ በዓለ ኢዮቤልዩ ለተሰበሰቡ ምእመናን የተነገረ ንግግር)

በዓለ ኢዮቤልዩ ሲከበር ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ዓመታት ቍጥር ነው። ሕንፃው መቼ እንደ ተሠራ፥ ደወሉ መቼ እንደ ተሰቀለ፥ ማን ማን እንደ ደከመበት ይነገራል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ኢዮቤልዩ ከመነሻው የዕረፍት ስም መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 49 ዓመት ሲፈጸም፥ 50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ተነፍቶ እንዲቀደስ ታዘዘ። በዚያ ዓመት እርሻው አይዘራም፤ በድህነት ምክንያት ራሱን የሸጠው ነጻ ይወጣል፤ ርስቱን ያጣው ወደ ርስቱ፥ ከወገኑ የተለየውም ወደ ወገኑ ይመለሳል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ማለት ሥራ የሚቆምበትና ሰው ወደ ቤተ ሰቡ የሚመለስበት ዓመት ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል ሊነሣ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሥራ ከልክ አልፎ ጤናን ሲጐዳና ቤትን ሲያናጋ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል የሚል ነው።

ሥራ ክቡር መሆኑን የሚክድ አስተዋይ የለም። ሥራ የሚጠላ ሰው ለራሱም ለአገሩም አይበጅም። ይሁን እንጂ ስንፍና አንድ በሽታ እንደ ሆነ ሁሉ የሥራ ብዛትም ሌላ በሽታ ነው። የሁለቱ ልዩነት ሰነፉን ሰው ሁሉ ሲነቅፈው፥ በሥራ ብዛት የሚያልቀውን ግን ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው መሆኑ ነው። ታታሪ ይባላል፥ ይሾማል፥ ሌላ ሥራም ይጨመርለታል፤ ስለዚህ ሕመሙ ሳይታወቅለት ይኖራል።

በአሁኑ ዘመን በከተማ የሚኖር አንድ አባወራ ልጆቹ ሳይነሡ ይወጣል፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይገባል። እሑድ ዕለት ቤት ቢውል እንኳ ስልኩ ከእጁ አይለይም። አለቃው ሲጠራው አቤት ይላል፥ ደንበኛው ሲጠራው አቤት ይላል፤ ሕፃኑ ሲጠራው ግን ቈይ ይለዋል። እመቤቲቱም እንደ ሆነች ቀን በመሥሪያ ቤት ስትደክም ውላ ማታ ስትገባ በጓዳ ሁለተኛ ሥራ ይጠብቃታል፤ ሊጥ ታቦካለች፥ ወጥ ትሠራለች፥ ልጅ ታጥባለች፤ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች፥ ከሁሉ በፊትም ትነሣለች። ስለ ምን እንዲህ እንደሚደክሙ ቢጠየቁ የሁለቱም መልስ አንድ ነው፤ ስለ ልጆቻችን ነው ይላሉ። ይህንም የሚሉት ከልባቸው ነው። ነገር ግን ልጅ የሚያድገው በእንጀራ ብቻ አይደለም፤ በአባቱ ድምፅና በእናቱ ፊት ጭምር ነው እንጂ። ሕፃንነትም አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ እንደ ዕዳ በሌላ ዓመት የሚከፈል አይደለም።

ስለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 18 ይገኛል። ሙሴ እስራኤልን ከግብፅ ካወጣ በኋላ በምድረ በዳ ሰፍሮ ሳለ አማቱ ዮቶር፥ የምድያም ካህን፥ ሊጐበኘው መጣ። የመጣውም ብቻውን አልነበረም። ቀድሞ ወደ አባቷ ተመልሳ የነበረችውን የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ልጆቿን ጌርሳምንና አልዓዛርን ይዞ ነበር። ሙሴም ወጥቶ በክብር ተቀበለው፤ ደኅንነት ተጠያየቁ፤ ወደ ድንኳንም ገብተው በመንገድ ያገኘውን መከራ ሁሉ አጫወተው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሙሴ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተቀመጠ መጽሐፉ አይናገርም። የሚናገረው በማግስቱ ለመፍረድ መቀመጡንና ሕዝቡም ከጥዋት እስከ ማታ በፊቱ መቆሙን ነው።

ዮቶር ይህን አይቶ ዝም አላለም። ስለ ምን ብቻውን እንደሚሠራ ሙሴን ጠየቀው። ሙሴም ሕዝቡ ፍርድ ፈልጎ ወደ እርሱ ስለሚመጣ እንደ ሆነ መለሰ። በዚህ መልስ ሐሰት አልነበረበትም፤ ሥራውም ክፉ ሥራ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሥራ ሁሉ የከበረ ነበር። ዛሬም በሥራ የተያዘ ሰው ሁሉ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ ሰዎች ይፈልጉኛል፥ ያለ እኔ አይሆንም ይላል። ዮቶር ግን አሠራሩ መልካም እንዳልሆነ ገልጦ ነገረው፤ ሸክሙ ከአንድ ሰው ኀይል በላይ ስለ ሆነ እርሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ አስረዳው።

ሕዝቡም ይዝላል ማለቱ ትልቅ ማስተዋል ነው። ከአቅሙ በላይ የሚሠራ ሰው የሚጐዳው እርሱ ብቻ ይመስለዋል፤ እንዲያውም ለሌላው ሲል ራሱን እንደ ሠዋ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ፍርድ ፈላጊው በፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል፤ የደከመ ዳኛ ፍርድ ያዛባል፤ እንቅልፍ ያጣ ሐኪም መድኃኒት ይሳሳታል፤ ዕረፍት ያላገኘ ነጂ መኪና ይገለብጣል፤ የዛለ አባትም ባልጠፋ ልጅ ላይ ይቈጣል። ስለዚህ የሥራን ልክ ማወቅ ራስን መውደድ ብቻ አይደለም፤ ለሚያገለግሉት ሰው መታመን ነው።

የዮቶር ምክር ምን ነበር ቢባል፥ ሙሴ ይበልጥ እንዲበረታ ወይም ሌሊት እንዲነሣ አልመከረውም። የታመኑና መማለጃ የሚጠሉ ሰዎችን መርጦ የሺህ፥ የመቶ፥ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲያደርጋቸው፥ ቀላሉን ነገር እነርሱ እንዲጨርሱ፥ ከባዱ ብቻ ወደ እርሱ እንዲመጣ ነገረው እንጂ። ሙሴም ያን የሚያህል ክብር ያለው ሰው ሆኖ ሳለ የአማቱን ቃል አልናቀም፤ ሰማ፥ እንደ ተመከረውም ፈጸመ። ሸክሙን ያየለትም ከሠራዊቱ አለቆች ወይም ከባለ ጉዳዮቹ አንዱ አልነበረም፤ የቤተ ሰቡን ሰዎች ይዞ የመጣ ዘመዱ ነበር። የሰውን ድካም አስቀድሞ የሚያውቀው ቤተ ሰቡ ነው። ስለዚህ ሚስት ባሏን፥ ባልም ሚስቱን፥ አረጋዊ አባትም ልጁን ይህ ሥራ ከአቅምህ በላይ ነው ብሎ ሲናገር፥ ቃሉን እንደ ጭቅጭቅ መቍጠር አይገባም።

ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። አረም እህሉን ሊውጥ ሲደርስ ወይም አዝመራ ደርሶ ዝናም ሲያስፈራ፥ ገበሬው ብቻውን ልታገል አይልም። ጠላ ጠምቆ፥ እንጀራ አስጋግሮ፥ ጐረቤቱን ለደቦ ይጠራል፤ ወይም በወንፈል ዛሬ የአንዱን፥ ነገ የሌላውን እርሻ ተራ በተራ ይሠራሉ። ደቦ በመጥራቱም ሰነፍ ብሎ የሚሰድበው የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ኑሮ ነው። የሚያስደንቀው፥ የዚያ ገበሬ ልጅ ተምሮ ከተማ ከገባ በኋላ አግዙኝ ማለትን እንደ ነውር መቍጠሩ ነው።

ዕረፍትም ቢሆን በዚህ አገር ሥርዓት ያለው ነገር ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። የጉባኤው ክርክር የሃይማኖት ክርክር ነበር፤ ነገር ግን ፍሬው እስከ ገበሬው ደጅ ደረሰ። በሰንበት ሞፈር አይያዝም፥ ወፍጮም አይፈጭም፤ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ሎሌውም በሬውም ያርፋል። ዕረፍት ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ብቻ ቢተው ኖሮ፥ ድኻው ሊያርፍ ሲል ባለጠጋው በከለከለው ነበር።

በዛሬ ዘመን ሊቃውንት ይህን ነገር በቍጥር መርምረውታል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት እንደ ገለጡት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ከመጠን ካለፈ የሥራ ሰዓት የተነሣ 745,000 ያህል ሰዎች በአንጐል ደም ሥር ሕመምና በልብ ሕመም ሞተዋል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በአንጐል ደም ሥር ሕመም የመያዙ አደጋ በ35 በመቶ፥ በልብ ሕመም የመሞቱ አደጋ ደግሞ በ17 በመቶ ይበልጣል። በጃፓን አገር ከሥራ ብዛት የሚመጣውን ሞት ካሮሺ ብለው ስም አውጥተውለታል፤ መንግሥቱም ይህን ሞት ለመከላከል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ሕግ አወጣ። ለአንድ ነገር ስም የሚወጣለት ከበዛ በኋላ ነውና፥ ሌላው ሕዝብ ከዚህ መማር ይገባዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሚበጀው አስቀድሞ ነው።

ሕግም ለሠራተኛው ወሰን አድርጎለታል። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1912 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ባደረገው የመጀመሪያ ጉባኤ፥ በፋብሪካና ይህን በመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. የዚህ ድርጅት አባል ሆነች። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ይህንኑ የ8 ሰዓትና የ48 ሰዓት ልክ ያጸናል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4 ሰዓት፥ በሳምንትም ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ፥ በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎትም 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን፥ ለአባትም 3 ቀን ከደመወዝ ጋራ ይፈቅዳል። እነዚህ ነገሮች የአሠሪው ችሮታ አይደሉም፤ በሕግ የተሰጡ ናቸው። ነገር ግን ሕጉን የማያውቅ ሰው መብቱን እንደ ልመና ይቈጥረዋል።

እንግዲህ ሥራ የበዛበት ሰው ምን ያድርግ ቢባል፥ መጀመሪያ ሸክሙን ቈጥሮ ይወቅ። በወረቀት ላይ ሥራውን ሁሉ ጽፎ፥ እያንዳንዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቢያሰላ፥ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥራ ያገኛል። ሁለተኛ፥ ሳይቈጣና ሳያጕረመርም ያን ወረቀት ለአለቃው ያሳይ፤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይሆን የትኛው ይቅደም፥ የትኛው ይቈይ፥ የትኛውስ ለሌላ ይሰጥ ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። ይህም እንቢተኝነት አይደለም፤ በመጨረሻ ሥራው ሲበላሽ ከማፈር አስቀድሞ እውነቱን መናገር ነው። ሦስተኛ፥ ለቤቱ የተወሰነ ሰዓት ይለይ፤ በማዕድ ጊዜ ስልክ ከእጅ ይራቅ። አራተኛ፥ በቤት ውስጥ ያለውም ሥራ ይከፈል። ባል ውኃ ቢቀዳ፥ ልጅ ቢያጥብ፥ ወንዱም ልጅ እንደ ሴቲቱ ልጅ ዕቃ ቢያነሣ ክብሩ አይቀንስም።

ነገር ግን ይህ ምክር ለሁሉ እኩል እንደማይቀል መታወቅ አለበት። የቀን ሠራተኛው ዛሬ ካልሠራ ማታ የሚበላው የለውም፤ ወረቀት ይዞ ወደ አለቃ የሚገባበት በርም አያገኝም። እንዲህ ያለው ሰው በርታ ቢሉት ወይም ዕረፍ ቢሉት አይጠቅመውም። እርሱን የሚረዳው የሠራተኞች ማኅበር፥ የዕድርና የጐረቤት እርዳታ፥ ከሁሉም በላይ የአሠሪው ሕሊና ነው። ሰው አዝዞ የሚያሠራ ሁሉ የዮቶርን ዐይን ሊያገኝ ይገባዋል፤ ሠራተኛው ሲዝል አይቶ ሊጠይቀው እንጂ እስኪወድቅ ሊጠብቀው አይገባም።

በተለይም በሰው ቤት የምታገለግለውን ልጅ ማሰብ ያስፈልጋል። የግል የቤት አገልግሎት ከዚህ አዋጅ ወሰን ውጭ ስለ ሆነ፥ ለእርሷ የተቈረጠ ሰዓት በአዋጁ አልተጻፈላትም። እመቤቲቱና ጌታው ከመሥሪያ ቤታቸው ድካም ተላቅቀው ከልጆቻቸው ጋራ ሊጫወቱ ሲቀመጡ፥ የእነርሱ ሸክም ወደ እርሷ ተዛውሮ እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ የምትቀር እንደ ሆነ፥ ሸክሙ ተላለፈ እንጂ አልቀለለም። እርሷም የሰው ልጅ ናት፤ በአገሯም የሚናፍቋት ወላጆች አሏት። የቤቱ ዕረፍት እውነተኛ የሚሆነው ለእርሷም የመኝታ ሰዓትና የሰንበት ዕረፍት ሲወሰንላት ነው።

የተከበራችሁ ምእመናን፤ ሙሴ የዮቶርን ምክር በተቀበለ ጊዜ ሥራው አልቀረም፤ ሕዝቡም ያለ ዳኛ አልቀረም። የቀረው፥ ከጥዋት እስከ ማታ የአንድ ሰው መቀመጥና የብዙ ሰው መቆም ነው። ብዙ ሰው ግን እኔ ከሌለሁ ይፈርሳል እያለ ይፈራል። መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ ቢሄድበት ሌላ ይቀጥራል፤ ቤት ግን በአባትና በእናት ፈንታ የሚቀጥረው የለም። ስለዚህ ከዚህ በዓል የሚመለስ ሁሉ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሳይተኙ ይድረስ፤ ነገም ለብቻው ከሚሸከመው ሥራ አንዱን ለማን ሊያካፍል እንደሚችል ያስብ።